የሻጋታ ሊቃውንትና የነጋዴው ሀብት

ነጋዴ ሰው የሚፈራቸው ጠላቶች ብዙዎች ናቸው። እሳት፣ ሌባ፣ የገበያ መውደቅ፣ የመርከብ መዘግየትና የምንዛሪ መለዋወጥ በየቀኑ ስማቸው የሚነሣ ነው፤ ለአንዳንዶቹም የኢንሹራንስ ውል ይገባላቸዋል። ነገር ግን ድምፅ ሳያሰማ፣ ቁልፍም ሳይሰብር፣ በመጋዘን ጨለማ ውስጥ ከጆንያ ሥር ተቀምጦ ሀብትን የሚበላ አንድ ጠላት አለ፤ ይኸውም ሻጋታ ነው። ስለዚሁ ስለ ሻጋታና ስለ ወገኖቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመረምሩ የኖሩ ሊቃውንት መኖራቸውን ከነጋዴዎች መካከል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እኔም ብሆን በአንድ የንግድ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል የደረሰ ነገር እስኪያስተምረኝ ድረስ አላውቅም ነበር። ዛሬ በዚህ ገጽ ስለ እነዚህ ሰዎች ኑሮና ሥራ ጥቂት ለመናገር የተነሣሁት፣ የእነርሱ ምርመራ ከእኛ የሂሳብ መዝገብ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ መሆኑን አንባቢዎቼ እንዲረዱልኝ በማሰብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ደብዳቤ

ነገሩ የደረሰው ከብዙ ዓመት በፊት በክረምት ወራት ነው። የማገለግልበት ቤት ለውጭ አገር ደንበኛ የሚላክ በርበሬ ገዝቶ በመጋዘን አከማችቶ ነበር። የመጋዘኑ ጠባቂ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ጠዋት እፍኝ በርበሬ በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ጽሕፈት ቤቴ መጡና «ልጄ፣ እስቲ ይህን አሽትተው» አሉኝ። ከታች የተደረደሩት ጆንያዎች ከወለሉ እርጥበት ወስደው ኖሮ፣ በርበሬው የምድር ቤት ሽታ ይሸት ነበር። አንዱን ዛላ ከፍዬ ባየው ግራጫና አረንጓዴ ብናኝ በውስጡ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ ለጌታው ነግረዋቸዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነገርኋቸው፤ ፀሐይ ይንካውና ይራገፍ፣ ከዚያም ይጫን ብለዋል» አሉኝ።

በርበሬው ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ ተራገፈ፤ ሽታውም ቀነሰ። ዕቃው ንጹሕና ደረቅ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ከሁለት ወር በኋላ ዕቃው በደንበኛው አገር ወደብ ላይ በላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ስለ ተገኘበት እንዳይገባ ተከልክሏል የሚል መልስ ደረሰን። ኪሣራው ከባድ ነበር፤ የደንበኛውም እምነት ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ሕሊናዬን የሚቈረቍረኝ ኪሣራው አይደለም። ከዚያው በርበሬ እኩሌታው ቀደም ብሎ በዚሁ በከተማችን ገበያ ተሽጦ አልቆ ነበር። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ የሚጠብቀው ላቦራቶሪ ነበረው፤ ከእኛ ሁለት ኪሎ ገዝታ ለልጆቿ ወጥ የሠራችው እናት ግን የሚጠብቃት አልነበረም።

ጌታዬ ደግና የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ያደረጉትን ያደረጉት በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው። እኔም ደብዳቤውን የጻፍሁት ባለማወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አለማወቅን ምክንያት አድርጌ ላለመኖር ስለ ሻጋታ የተጻፈውን ሁሉ እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርሁ።

ሻጋታ ምንድር ነው?

እንጀራችንን የሚያቦካው እርሾ፣ በክረምት ከመሬት ብቅ የሚለው እንጉዳይ፣ የስንዴን አገዳ እንደ ዛገ ብረት የሚያደርገው ዋግ፣ በዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ እነዚህ ሁሉ ለዓይን የተለያዩ ቢመስሉም ዘመዳሞች ናቸው። ከእርሾው ጋር ሌሎች ደቃቃን ሕያዋን ቢኖሩም ቅሉ፣ በውስጡ ያለው አንዱ ወገን ከዚሁ ዘር ነው። ሊቃውንት በጠቅላላው ፈንገስ ብለው ይጠሯቸዋል። ከዕፅዋት ወገን አይደሉም፤ አረንጓዴ ቅጠል ስለሌላቸው ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ማዘጋጀት አይችሉምና። ከእንስሳትም ወገን አይደሉም። ከሌላው ሕይወት፣ ከሞተውም ሆነ ካልሞተው፣ ምግባቸውን እየመጠጡ የሚኖሩ ናቸው። ዋናው አካላቸው ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው፤ በዓይን የምናየው እንጉዳይ የዚያ ክር ፍሬ ብቻ ነው። የሚራቡትም ከዱቄት በላመ ብናኝ ዘር ሲሆን፣ ይህን ብናኝ ነፋስም፣ ውሃም፣ የሰው ልብስም፣ የነጋዴ ጆንያም ያጓጕዘዋል።

እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የፈንገስ ዓይነቶች 150 ሺህ ያህል ናቸው፤ ገና ያልታወቁት ግን በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ ሊቃውንት ይገምታሉ። እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እየለየ ስም የሚያወጣለት፣ ጠባዩን የሚያጠናው፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚናገረው ሰው የፈንገስ ሊቅ ይባላል።

በሜሎን ላይ የተዘራ ሻጋታ

በጥንት ዘመን ሻጋታ ከእርጥበትና ከብስባሽ ራሱ በራሱ ይፈጠራል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን እምነት በሙከራ ከተፈታተኑት መካከል ግንባር ቀደሙ በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ የነበረው ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ ነው። ሚኬሊ ከድኻ ቤተሰብ የተወለደ፣ ዕውቀቱንም በገዛ ጥረቱ ያገኘ ሰው ነበር። የሻጋታን ብናኝ በብሩሽ እያነሣ በተቆረጠ ሜሎንና በሌሎችም ፍራፍሬዎች ላይ ዘራ፤ ከተዘራውም ብናኝ ያው ዓይነት ሻጋታ መልሶ በቀለ። እንግዲያው ሻጋታ እንደ ስንዴ ዘር ያለው ነገር ነው ማለት ነው።

ሚኬሊ ይህን በ1729 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። ለሥዕሎቹ ማሳተሚያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው ከባለጸጎች መዋጮ እየለመነ ነበር ሥራውን የፈጸመው። ብዙዎች የዘመኑ ሊቃውንት ግን ቃሉን ሳይቀበሉት ቀሩ። ይህ ለነጋዴ ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፤ ሻጋታ ዘር ካለው ዘሩ እንዳይገባና እንዳይበቅል መከላከል ይቻላል ማለት ነው። ዛሬ በመጋዘን ሥራ የምናደርገው ጥንቃቄ ሁሉ የቆመው በዚያ ነገር ላይ ነው።

ቄሱና ከሴሎን የመጣው ቅጠል

በእንግሊዝ አገር በኪንግስ ክሊፍ መንደር ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ የሚባሉ ቄስ ነበሩ። የተወለዱት በ1803 ነው። የምእመናንን አገልግሎት ከፈጸሙ በኋላ የቀረውን ጊዜያቸውን በአጉሊ መነጽር ፊት ያሳልፉ ነበር፤ በዕድሜያቸውም ስድስት ሺህ ያህል የፈንገስ ዓይነቶችን ለይተው ስም እንዳወጡ ይነገርላቸዋል።

በ1845 የድንች በሽታ በአየርላንድ ገብቶ ምርቱን ባጠፋ ጊዜ፣ የዘመኑ አዋቂዎች ምክንያቱ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው፣ የመሬት መድከም ነው እያሉ ተከራከሩ። በቅጠሉ ላይ ያለውንም ሻጋታ ከብስባሹ በኋላ የመጣ ነው አሉ። በርክሌይ ግን በ1846 ሻጋታው የበሽታው ውጤት ሳይሆን ራሱ ምክንያቱ መሆኑን ጻፉ። በወቅቱ ያመኗቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ በ1861 አንቶን ደ ባሪ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በሙከራ እውነተኛነቱን አረጋገጠ። በዚያ መካከል በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና ረኀብ ባመጣው በሽታ አልቋል፤ ሌላው ሚሊዮንም አገሩን ጥሎ ተሰዷል። የዛሬ ሊቃውንት ያን የድንች ጠላት ፈንገስ የሚመስል ሌላ ዘር ነው ብለው ለብቻው መድበውታል፤ በርክሌይ የተናገሩት መሠረታዊ ነገር ግን እንደ ጸና ነው።

በ1869 ለእኚሁ ቄስ ከሴሎን ደሴት፣ ማለት ዛሬ ስሪ ላንካ ከምትባለው አገር፣ የታመመ የቡና ቅጠል ተላከላቸው። ቅጠሉ ከሥሩ ብርቱካን መልክ ያለው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ቄሱ በመነጽር ቢያዩት የብናኙ አንድ ጐን ለስላሳ፣ ሌላው ጐን ሻካራ ሆኖ አገኙት። ስለዚህም ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ ብለው ስም አወጡለት፤ ትርጕሙም የመጀመሪያው ቃል በግማሽ ለስላሳ፣ ሁለተኛው አጥፊ ማለት ነው። ይህ ስም በወጣ ጊዜ ጥፋቱ ገና አልደረሰም ነበር፤ በኋላ ግን እንደ ስሙ ሆነ።

የወጣቱ ዋርድ መርዶ

በ1870 አካባቢ ሴሎን ከዓለም ታላላቅ የቡና አምራች አገሮች አንዷ ነበረች፤ በዓመትም 45 ሺህ ቶን ያህል ቡና ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ኮረብታዎቿ ሁሉ ተመንጥረው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡና ተተክሎባቸው ነበር። ባለርስቶቹ፣ አበዳሪ ባንኮች፣ የለንደን ደላሎችና የኮሎምቦ ነጋዴዎች ሁሉ ኑሯቸው በዚህ ተክል ላይ ቆመ። በሽታው እየተስፋፋ ሲሄድ «ክፉ ዓመት ነው፤ ያልፋል» እያሉ፣ የቡና ዋጋም ስለ ጨመረ አዳዲስ መሬት እየመነጠሩ መትከልን ቀጠሉ።

አሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1880፣ መንግሥት ሃሪ ማርሻል ዋርድ የተባለውን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ወደ ደሴቲቱ ላከው። ዋርድ ከደ ባሪ ዘንድ የተማረ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በቡና እርሻዎች መካከል ተቀምጦ የዋጉን ኑሮ ከዘሩ እስከ ፍሬው ተከታተለ። የጠብታ ውሃ በቅጠል ላይ ሲያርፍ ብናኙ እንደሚበቅል፣ ከቅጠሉ ሥር ባሉት ደቃቅ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች እንደሚገባ፣ ውስጥ ውስጡን ክሩን ዘርግቶ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ዱቄቱን እንደሚያወጣ በገዛ ዓይኑ አየ። ሙጫ የመሰለ ነገር የተቀባ መስተዋት በእርሻው ውስጥ ሰቅሎም ነፋስ ብናኙን ሲያጓጕዘው ያዘው።

ባለርስቶቹ ከዋርድ የጠበቁት መድኃኒት ነበር። እርሱ የሰጣቸው ግን መርዶ ነው። በሽታው በየቅጠሉ ከገባ በኋላ የሚፈውስ ነገር የለም፤ ሊረዳ የሚችለው ብናኙ ከመብቀሉ በፊት ቅጠሉን መጠበቅ ነው፤ ከዚህም በላይ ጥፋቱን ያባባሰው አንድ ዓይነት ተክል ያለ አንዳች ነፋስ መከለያ ኮረብታውን ሁሉ እንዲሸፍን መደረጉ ነው አላቸው። ይህ ቃል ለሰሚዎቹ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ዋርድም በ1882 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም ነጋዴ ሊያስበው ይችላል። በ1884 በምሥራቁ ዓለም ትልቅ ስም የነበረው ኦሪየንታል ባንክ፣ ከኪሣራው ምክንያቶች አንዱ ለሴሎን ቡና ያበደረው ገንዘብ ሆኖበት ተዘጋ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከደሴቲቱ የሚወጣው ቡና ከቀድሞው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ከጥፋቱ የተረፉት ቀድመው ሌላ ተክል የሞከሩ ናቸው። ጄምስ ቴይለር የተባለው የስኮትላንድ ሰው ገና ዋጉ ሳይታወቅ በ1867 በሉሌኮንዴራ እርሻ ትንሽ የሻይ ቦታ አልምቶ ነበር፤ ያ ትንሽ ቦታ የደሴቲቱ መድኅን ሆነ። ዛሬ ሴሎን በሻይ እንጂ በቡና የማትታወቀው ስለዚህ ነው።

ዋርድ በ1895 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1906 በ52 ዓመቱ ዐረፈ። የቡናውን በሽታ አላዳነም። ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የተክል በሽታን የሚመረምር ሰው ሁሉ የሚሄድበትን መንገድ ጠረገ።

ሌባን ለመከላከል የተረጨ ኖራ

መድኃኒቱ የተገኘው ከወደ ሌላ በኩል ነው። በፈረንሳይ አገር በሜዶክ አውራጃ በመንገድ ዳር ወይን ያላቸው ገበሬዎች፣ መንገደኛ ፍሬውን እንዳይቀጥፍባቸው የመዳብ ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው ቅጠሉን ይረጩት ነበር፤ ሰማያዊውን መልክ ያየ ሰው መርዝ መስሎት ያልፋልና። በ1882 የቦርዶው ፕሮፌሰር አሌክሲስ ሚላርዴ በዚያ ሲያልፍ፣ የውስጡ ወይን በሻጋታ መሰል በሽታ ቅጠሉ ሲረግፍ የመንገድ ዳሩ ግን ለምልሞ እንዳለ አስተዋለ። ምክንያቱን ጠየቀ፤ ሙከራም አደረገ፤ በ1885 ግኝቱን ለሕዝብ አስታወቀ። ይህ «የቦርዶ ድብልቅ» ተብሎ በዓለም ሁሉ የታወቀው መድኃኒት ነው። ለሴሎን ቡና ዘግይቶ ደረሰ፤ ለሌሎች አገሮች ቡናና ወይን ግን ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል።

የቡና ዋግ ጕዞውን አላቆመም። በ1970 ብራዚል ደረሰ፤ በ1983 ኮሎምቢያ ገባ፤ በ2012 እና በ2013 በመካከለኛው አሜሪካ ከባድ ጥፋት አደረሰ። ሊቃውንቱም አላረፉም። በ1955 በፖርቱጋል አገር በኦይራስ ከተማ ለዚሁ በሽታ ምርምር ልዩ ጣቢያ ተቋቋመ። ቡና በማይበቅልበት አገር የቡና በሽታ መመርመሪያ መቋቋሙ የሚያስገርም ይመስላል፤ ነገር ግን ጥበብ አለበት። ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበ የዋግ ዘር እዚያ ቢያመልጥ እንኳ የሚያጠፋው የቡና እርሻ በአካባቢው የለምና።

ከኢሉባቡር ጫካ የወጣ ቍጥር

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የቡና ቅጠል ዋግ በኢትዮጵያም አለ፤ ነገር ግን እንደ ሴሎን አላጠፋንም። ከምክንያቶቹ ዋናው፣ የአረቢካ ቡና መገኛ አገር በመሆናችን በጫካችንና በጓሯችን ያለው ቡና ዝርያው እጅግ የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱ ዛፍ ቢታመም ጐረቤቱ ይቋቋማል። ዋርድ ለሴሎን ባለርስቶች የጎደላቸውን የነገራቸው ይኸው ነበር።

ይሁን እንጂ በ1971 ሌላ ፈንገስ ያመጣው በሽታ በአገራችን ታየ፤ ይህም እሸቱን የቡና ፍሬ እያጠቆረ የሚያደርቅ ነው። በሽታው ቀደም ሲል በኬንያ በ1922 የታወቀ ነበር። በዚያን ጊዜ መድኃኒት መርጨት ለአነስተኛው ገበሬ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ በጅማ የቡና ምርምር ጣቢያ የነበሩት ባለሙያዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ወደ ጫካና ወደ ገበሬው ማሳ እየገቡ፣ በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆኖ ፍሬ የያዘውን ዛፍ መፈለግ ጀመሩ። የተገኘውን ዛፍ ዘር ወስደው ሆን ብለው በሽታውን እያስነኩ ፈተኑት፤ የጸናውን አስቀሩ፤ የወደቀውን ጣሉ።

ቡና የምትልኩ አንባቢዎቼ በውጭ አገር ገዢዎች ዘንድ 74110 እና 74112 የሚሉትን ቍጥሮች ሳታዩ አትቀሩም። ቍጥሩ የጆንያ ወይም የዕጣ ምልክት አይደለም። በ1974 ከኢሉባቡር፣ ከመቱ አካባቢ የተመረጡ እናት ዛፎች መለያ ነው፤ 74 የተባለው ዓመቱ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘራቸው ለገበሬው ተሰጠ። ሌላው አገር አዲስ ዝርያ ለማውጣት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲፈጅበት፣ የእኛ ባለሙያዎች ፈጥነው የደረሱት ጫካው የሚመርጡበትን ስላዘጋጀላቸው ነው። ዛሬ ያ ቍጥር በባሕር ማዶ የቡና ቤቶች ማስታወቂያ ላይ እንደ ክብር ስም ተጽፎ ይታያል። ከቍጥሩ ኋላ ግን በዝናብ ጭቃ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ የዞሩ ሰዎች ድካም አለ። እንዲሁም ጫካው ከተመነጠረ ለሚቀጥለው በሽታ የሚመረጥ ዛፍ እንደማይኖር ቡና ነጋዴው ሊዘነጋው አይገባም።

የሞቱት ዶሮዎች ያስተማሩት

ወደ በርበሬው ነገር እንመለስ። በ1960 በእንግሊዝ አገር ቱርኪ የሚባሉት ግዙፍ የፈረንጅ ዶሮዎች ከአንድ መቶ ሺህ በላይ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በሽታው ስም ስላልነበረው በአንድ ባዕድ ፊደል ብቻ «የቱርኪ ኤክስ በሽታ» ተባለ። የእንስሳት ሐኪሞች ተላላፊ ተሕዋስ ፈለጉ፤ አላገኙም። ኋላ ግን የሞቱት ዶሮዎች ሁሉ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ እንደ በሉ ተደረሰበት። የፈንገስ ሊቃውንትና የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ተባብረው ሲመረምሩት፣ በፋጉሎው ውስጥ አስፐርጂለስ ፍላቩስ የሚባለው ሻጋታ ያመነጨው መርዝ ተገኘ። ከሻጋታው ስም ተወስዶም አፍላቶክሲን ተባለ።

ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ በማያጠራጥር ሁኔታ ታውቋል። ሁለት ነገር ነጋዴው ሊያውቅ ይገባል። አንደኛ፣ መርዙ አይታይም፤ ሻጋታው ቢራገፍ እንኳ መርዙ በእህሉ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ተራ የወጥ ቤት እሳት አያጠፋውም። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ሰጥቶ ማራገፍ ዓይንን ያታልላል እንጂ ዕቃውን አያድንም። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የወሰነው ልክ በአንድ ኪሎ ውስጥ በጠቅላላው 10 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ነው። ይህን በእኛ ሚዛን ብናሰላው፣ በአንድ ሺህ ኩንታል በርበሬ ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። የማንም ዓይንና አፍንጫ ይህን ሊለይ አይችልም።

ሻጋታ ጠላት ብቻ አይደለም

ስለ ሻጋታ ክፉውን ብቻ ተናግሮ ማለፍ ፍርድ ማጕደል ይሆናል። ቻርልስ ቶም የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሥራውን የጀመረው የፈረንጅ አይብ ጣዕም የሚሰጡትን ሻጋታዎች በመመርመር ነበር፤ በ1906 ለሮክፎርና ለካማምቤር አይብ ሻጋታዎች ስም አወጣ። ይህ ለአይብ ነጋዴ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት ይመስል ነበር። ነገር ግን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ፔኒሲሊንን ካገኘ በኋላ፣ ሻጋታው የትኛው እንደሆነ በትክክል የለየው ይኸው የአይብ ሊቅ ነው። በ1943 ደግሞ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር በፔኦሪያ ከተማ የነበረው የመንግሥት ላቦራቶሪ፣ መድኃኒቱን አብዝቶ የሚሰጥ ሻጋታ ሲፈልግ ከዚያው ከተማ በተገኘ አንድ የበሰበሰ ሜሎን ላይ አገኘው። ለዚህም ሜሪ ሃንት የተባለች የላቦራቶሪው ሠራተኛ ስሟ ይነሣል። ባለሱቁ ሊጥለው የነበረ ፍሬ ስንቱን ቍስለኛ አዳነ!

የኤልዛቤት ሄዘንና የሬቸል ብራውን ታሪክ ደግሞ ለነጋዴ ልዩ ትምህርት አለው። ሄዘን በኒውዮርክ ከተማ የፈንገስ ተመራማሪ፣ ብራውን በአልባኒ ከተማ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበሩ፤ ሁለቱም በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት ያገለግላሉ። ሄዘን ከየቦታው የመጣ አፈር እየመረመረች ፈንገስን የሚገድል ነገር ያለበትን በፖስታ ቤት በኩል ለብራውን ትልካለች፤ ብራውን አጣርታ በፖስታ ትመልስላታለች። በቨርጂንያ ከአንድ ወዳጅ እርሻ ከመጣ አፈር በ1950 ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጠውን ኒስታቲን አገኙ። መድኃኒቱ ያስገኘው የባለመብትነት ገቢ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ሁለቱ ሴቶች ከዚህ አንዲት ሳንቲም ለራሳቸው ሳይወስዱ ሁሉንም ለሳይንስ ምርምር ሰጡ፤ በመንግሥት ደመወዛቸው ኖረው ዐረፉ። በ1966 የፍሎሬንስ ከተማ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ፣ ጥንታውያን ሥዕሎቿን ከሻጋታ ለማዳን ከተረዳባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው መድኃኒት ነበር። ሚኬሊ የመጀመሪያውን ሻጋታ የዘራባት ከተማ መሆኗን አስታውሱ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ስንመለከት አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። አብዛኞቹ በሕይወት ሳሉ ሀብት አላገኙም፤ ብዙዎቹም የተናገሩት አልተሰማላቸውም። የተናገሩት ለሰሚው ደስ የማያሰኝ ስለ ነበረ ነው። በርክሌይ በድንቹ፣ ዋርድ በቡናው፣ የእኛም የመጋዘን ጠባቂ በእፍኝ በርበሬው ያመጡት ወሬ አንድ ነበር፤ «ዕቃችሁ ታሟል» የሚል ነው። ቀድሞ የሰማ ጥቂት ይከስራል፤ ዘግይቶ የሰማ ሁሉን ያጣል።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በትሕትና አሳስባለሁ። ጆንያ በወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከእንጨት መደብ ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳውም ይራቅ፤ ነፋስ ይግባው። ቡና ሲከማችና ሲጫን እርጥበቱ ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እንዳመለከተው ከ8 እስከ 12.5 በመቶ መካከል መሆኑ በመሣሪያ ይለካ፤ በጥርስ መንከስ አይበቃም። በርበሬና ኦቾሎኒ ከገበሬው ሲገዛ በባዶ መሬት ላይ የደረቀውን ከምንጣፍና ከቆጥ ላይ ከደረቀው ለይቶ፣ ለተሻለው የተሻለ ዋጋ መክፈል ይገባል፤ ገበሬው የሚለወጠው በምክር ብቻ ሳይሆን በዋጋ ነውና። የሻገተው ከደኅናው ጋር አይቀላቀል፤ ቅልቅሉ ሁሉንም ያበላሻል። ኮንቴይነር ከደጋ ወርዶ በቆላና በባሕር ሲጓዝ በውስጡ ውሃ እንደሚያዝዝና ከጣራው እንደሚንጠባጠብ ታስቦ እርጥበት የሚመጥ ነገር ይግባበት። ከሁሉም በላይ ውል ከመፈረሙ በፊት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላክ፤ ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ ዕቃ ሲመለስ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ይህም ጥንቃቄ ወደ ውጭ ለሚላከው ብቻ እንዳይሆን እለምናለሁ። የውጭው ገዢ ዕቃችንን ሊመልስ ይችላል፤ የሰፈራችን ደንበኛ ግን አምና ይዛው ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ያ የበርበሬ ነገር ከደረሰ በኋላ ጌታዬ ሽማግሌውን ጠርተው «ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ይጫን ያላሉት ዕቃ ከዚህ መጋዘን አይወጣም» አሏቸው፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ሽማግሌው በጡረታ እስኪለዩን ድረስ ብዙ ጊዜ «አይጫን» አሉ፤ አንዳንዴም ገዢ አስቀርተውብናል። እኔም ከዚያ ወዲህ «ንጹሕና ደረቅ» የሚለውን ቃል በደብዳቤ ላይ ከመጻፌ በፊት ወደ መጋዘን ወርጄ ከታችኛው ጆንያ እፍኝ አስወጥቼ ማየት ልማድ አድርጌአለሁ።